በእጣቢው ውስጥ የነበሩት

ዶክተሩ የሰው ስህተት ማረም የሚወድ ሰው ነበር። ምግብ ቤት ገብቶ ሲወጣ የዋጋ ዝርዝሩን የፊደል ግድፈት በቀይ እስክሪብቶ አርሞ ነው። ሬዲዮ ላይ አንዱ ባለሥልጣን ቁጥር ሲያዛባ ከሰማ ጣቢያው ድረስ ይደውላል፤ ስልኩን ካላነሱለት ደብዳቤ ይጽፋል፤ ደብዳቤውን ካላነበቡለት ስለ መጀመሪያው ደብዳቤ ሁለተኛ ደብዳቤ ይጽፋል። ክፋት የለበትም። ስህተትን አይቶ ዝም ማለት ከስህተቱ እኩል ጥፋት ነው ብሎ ከልቡ ስለሚያምን ነው። በባሕሩ ዳር ለምግብ የሚሸጥ ዛጎል የሚያረቡት ሰዎች ፊት ለፊት «ዶክተር»፣ ዞር ሲል «መጋዝ» ይሉታል። ስሙን ያውቀዋል። ትንሽ ይኮራበታልም።

ስለዚህ ያን ዕለት ጠዋት ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሶ የገዛ ስህተቱን ሲያይ፣ መጀመሪያ ያደረገው ነገር ጥፋቱን የሚያሸክመው ሌላ ሰው መፈለግ ነበር።

«ይሄ ከየት የመጣ ነው?» አለ ዓይኑን ሳያነሳ።

«ከእጣቢው ነው» አለች ብልቃጥ።

ብልቃጥ የላቦራቶሪው ዕቃ አጣቢ ናት። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ እጇ ከብርጭቆና ከብልቃጥ ተለይቶ ስለማያውቅ ስሟም ያው ሆኖ ቀረ። ዛሬ ከሁሉም ቀድማ ገብታ፣ ማንም ሳያዛት ትናንት ከአርቢዎቹ የመጡትን ዛጎሎች ደም አጥባ፣ ከእጣቢው አንድ ጠብታ መስታወት ላይ አድርጋ ከማይክሮስኮፑ ሥር አስቀምጣ ነበር የጠበቀችው።

«ማን አድርጊ አለሽ?»

«ማንም።»

«ታዲያ?»

«ደፍርሶ ነበራ። ያኔም እኮ ነግሬዎታለሁ። ረስተውት ይሆናል።»

አልረሳውም። ከአርባ ቀን በፊት በዚሁ ክፍል፣ «ዶክተር፣ ያጠብንበት ውሃ ዛሬ ደፍርሷል» ብላው ነበር። እሱም፣ «እትዬ፣ አንቺ ብርጭቆሽን እጠቢ፤ ሳይንሱን ለእኔ ተይልኝ» ብሏት ነበር። እንዲያውም ይህን ያላት ሁለት እንግዶች ቆመው እየሰሙ ነው። እንግዶቹ ፈገግ ብለውለታል።

ነገሩ የጀመረው ውሃው ሲቀላ ነው። ባሕሩ ወደ የብስ ገባ ባለበት፣ አርቢዎቹ ከእንጨትና ከፕላስቲክ በርሜል የተሠሩ ተንሳፋፊ መድረኮቻቸውን ባሰሩበት ሥፍራ፣ ውሃው አንድ ጠዋት የሸክላ ጡብ መሰለ። ቀለሙ የአልጌ ነው፤ በዓይን የማይታይ፣ በአንዲት ማንኪያ ውሃ ውስጥ በሺህ የሚቆጠር፣ እያንዳንዱም የራሱን መርዝ ይዞ የሚንሳፈፍ። ከየመድረኩ ሥር ረጃጅም ገመዶች ተንጠልጥለዋል፤ በገመዶቹ ላይ ዛጎሎቹ እንደ ወይን ዘለላ ተደራርበው ያድጋሉ። ዛጎል ምግቡን አሳድዶ አይበላም፤ አፉን ከፍቶ ባሕሩን ያጣራል። ባሕሩ መርዝ ከሆነ መርዙን ያጣራል።

የዛጎል ደም ቀይ አይደለም። ውሃ ነው የሚመስለው። በዚያ ውሃ ውስጥ ግን ወታደሮች አሉ፤ ጀርም ሲገባ ከብበው የሚውጡ፣ ቁስል ሲኖር ሮጠው የሚደፍኑ ሕዋሳት። አርቢዎቹ ማወቅ የፈለጉት አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ቀዩ ውሃ እነዚህን ወታደሮች ጎድቷቸዋል ወይስ አልጎዳቸውም? ከጎዳቸው፣ ሙቀቱ ከመምጣቱና ጀርሙ ከመራባቱ በፊት ገመዱን ሁሉ ነቅሎ ወደ ባሕሩ ከገባው ድንጋያማ ጫፍ ማዶ ወዳለው ቀዝቃዛ ውሃ መውሰድ ያስፈልጋል፤ የሁለት ሳምንት ወገብ ቆራጭ ሥራ ነው። ካልጎዳቸው ባሉበት ይቆያሉ።

ዶክተሩ ቆጠረ። ሃያ ዓመት እንደቆጠረው ነው የቆጠረው። ዛጎሉን በጩቤ ጫፍ ፈልቀቅ አድርጎ፣ ከሚዘጋበት ጡንቻ ላይ በመርፌ ደም ቀድቶ፣ መስታወት ላይ አንጠባጥቦ ሃያ ደቂቃ ይጠብቃል። ሕዋሳቱ በዚህ ጊዜ እግር አውጥተው መስታወቱን ይይዛሉ። ከዚያ ሦስት ጊዜ በንጹሕ የባሕር ውሃ ያጥባል፣ ሰማያዊ ቀለም ይጨምራል፣ ይቆጥራል። የሞተ ሕዋስ ቀለሙን ይጠጣል፤ ያልሞተ አይጠጣም። ከመቶ ዘጠና አራቱ ሕያው ነበሩ።

ከመታጠቢያው በላይ በራሱ እጅ ጽፎ የለጠፈው ወረቀት ዛሬም እዚያው አለ፦ «ሦስት ጊዜ እጠብ። ያልተጣበቀ ሁሉ ቆሻሻ ነው።» ከሥሩ ፈርሞበታል።

አሁን ማይክሮስኮፑ ውስጥ ያ ቆሻሻ ተዘርግቶ ይታየዋል። ሕዋስ ነው። ክብ ክብ ሆኖ፣ እግር ማውጣት አቅቶት፣ ግማሹ ሰማያዊ፣ ግማሹ ገና ያልሞተ ግን ምንም መያዝ የማይችል። መርዙ መጀመሪያ የቀማቸው መጨበጫቸውን ነው። የታመመው ሁሉ መስታወቱን ለቅቆ በእጣቢው ተወስዷል፤ እሱ ቁጭ ብሎ የቆጠረው ለመጣበቅ የሚበቃ ጤና የቀረውን ብቻ ነበር።

«ምናልባት ያጠብሽበት ውሃ ጨው አንሶት ይሆናል» አለ።

«ከማዶ የመጡትንም በዚያው ውሃ አጥቤያለሁ። ከንጹሑ ባሕር የመጡትን። እጣቢያቸው ጥርት ያለ ነው። ቀጥሎ ያለው መስታወት ላይ አድርጌልዎታለሁ።»

አየ። ባዶ ነው ማለት ይቻላል። ተመልሶ የመጀመሪያውን አየ። መቁጠሪያውን አንስቶ ቀጭ ቀጭ እያደረገ ቆጠረ፤ ከስድስት ዛጎል ስድስት ጊዜ። ከመቶ ሕዋስ ስድሳ አንዱ እጣቢ ውስጥ ነው። ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጽፎ፣ ብልቃጥ እንዳታይ ገለበጠው። አይታለች።

«ስብሰባው ስንት ሰዓት ነው?» አለ።

«አንድ ሰዓት ይቀረዋል።»

ስብሰባው የተጠራው በሚስቱ ታላቅ ወንድም ላይ ነው።

የሚስቱን ወንድም ሁሉም ሰው አባ ገመድ ይለዋል። ሠላሳ ዓመት ዛጎል አርብቷል። ውሃው ሲቀላ ከሁሉ ቀድሞ «እንንቀል» ያለው እሱ ነው። «ሲነኳቸው ቶሎ አይዘጉም። የያዙበት ክርም ላልቷል። ደስ አላሉኝም» ብሎ በስብሰባ ተናገረ። ያኔ ዶክተሩ ዘጠና አራቱን ይዞ ተነሳና፣ «ጋሼ ሠላሳ ዓመት ዛጎል ሲነካካ ኖሮ ሐኪም የሆነ መስሎታል። የሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ ምላሳችሁን አውጡ ሊላቸው ነው» አለ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አባ ገመድም ትንሽ ሳቀ፤ ሰው ፊት የተሳቀበት ሰው የሚስቃትን ሳቅ። ገመዱ ሳይነቀል ቀረ።

ሙቀቱ መጣ። ሁልጊዜ በባሕሩ ውስጥ የሚኖር፣ ጤነኛ ዛጎል ከቁም ነገር የማይቆጥረው ተራ ጀርም ተነስቶ የዛጎሉን እኩሌታ ጨረሰ። አየሩ ሳምንት ሙሉ ሸተተ። ከሁሉ የከፋው የአባ ገመድ መድረክ ላይ ነው፤ ከሁሉ ወደ ውስጥ የገባ፣ ቀዩ ውሃ ከሁሉ ረዘም ላለ ጊዜ የተኛበት ነበር። ዶክተሩ ግን ሕዋሳቱ ጤነኛ መሆናቸውን ስለሚያውቅ ሌላ ምክንያት ፈለገ፤ አገኘም። አባ ገመድ ገመዱን አጠጋግቶ ሰቅሏል፤ በሽታው የተነሳው ከዚያ ነው፤ ወደ ጎረቤት የተዛመተውም ከዚያ ነው። ሰባት ገጽ ጻፈ። ጥሩ ሰባት ገጽ ነበር። ዛሬ የአርቢዎቹ ማኅበር በዚያ ሰባት ገጽ መሠረት የአባ ገመድን መድረኮች ከውሃው ለማንሳት ድምፅ ይሰጣል።

አባ ገመድን ወደቡ ዳር ባለው መጋዘኑ ውስጥ አገኘው። የተገለበጠ ሣጥን ላይ ተቀምጦ ከበርሜል ላይ የደረቀ አረም ይፍቃል።

«ጋሼ።»

«ግባ። ጫማህን ጠብቅ፤ ዘይት ፈሷል።»

ዶክተሩ አልተቀመጠም። ቆሞ ነገረው። መንገድ ላይ ጥሩ አድርጎ ያሰናዳው ንግግር ነበረው፤ መግቢያ ያለው፣ ዘዴው ለጤነኛ ዛጎል ትክክል እንደሆነና በዓለም ላይ ብዙ ባለሙያ እንደሚሠራበት የሚያስረዳ። አፉን ሲከፍት ግን የወጣው፣ «አጥቤ ደፋኋቸው ጋሼ፤ የታመሙትን አጥቤ ደፋኋቸውና የተረፉትን ቆጠርኩ» የሚል ብቻ ነው።

አባ ገመድ መፋቁን አላቆመም። አንዱን ጎን ጨርሶ በርሜሉን አዞረ።

«ማን ማን ያውቃል?»

«እኔና ብልቃጥ። አሁን ደግሞ አንተ።»

«እንግዲያው ይበቃል።»

«ምኑ ነው የሚበቃው?»

«ሦስት ሰው። ከዚህ በላይ ማንም እንዲያውቅ አያስፈልግም።» ቢላዋውን አስቀመጠና ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አየው። «አምና ዛጎሉ መርዝ ይዟል፣ አንድም እንዳትሸጡ ብለህ ስትከለክላቸው ጥርሳቸውን ነክሰው የሰሙህ ለምንድን ነው? ስለሚወዱህ ነው? አንተን ደግሞ ማን ይወድሃል! መጋዝ አይሳሳትም ብለው ነው። ዛሬ ሄደህ ተሳስቼ ነበር በላቸው። በሚቀጥለው ጊዜ መርዝ ነው ስትል፣ ‹እስቲ እጣቢውን አይተኸዋል?› እያሉ ይሸጡታል። ሰው በልቶ ይሞታል።»

«ግን መድረክህን ሊያነሱት ነው።»

«ስልሳ ሦስት ዓመቴ ነው። ወገቤን አላዘውም። ዛሬ ቢያነሱት ከሁለት ዓመት በኋላ ራሴ የማነሳውን ነው።»

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ…»

«እህቴም አለች» አለ አባ ገመድ። «ሰው ባሏ ላይ ሲስቅ እንድታይ አልፈልግም። እኔ ቀምሼዋለሁ፤ ጥሩ ነገር አይደለም።»

ይህን ሲል ቂም አልነበረበትም። ስለ አየሩ እንደሚናገር ሰው ነው የተናገረው። ዶክተሩ ፊቱ ጋለ፤ ከአንገቱ የተነሳ ሙቀት ጆሮው ድረስ ወጣ። ማንንም በክርክር የሚረታ ሰው፣ ከታክሲ ሾፌር ጋር እንኳ ሳይከራከር የማያልፍ፣ የገዛ የምረቃ ፈታኞቹን ያስለቀሰ ሰው፣ በዚያች ሰዓት ወደ በሩ ዞረ።

«እሺ ጋሼ» አለ።

ወጥቶ ሁለት እርምጃ እንደተራመደ ቀለል አለው። ደረቱ ላይ ተጭኖ የነበረው ነገር ተነሳለት፤ የባሕሩ አየር እንኳ ደስ አለው። በኋላ፣ ብዙ በኋላ፣ ነገሩን ሁሉ ሲያስበው ፊቱን የሚያቃጥለው ስህተቱ አይደለም፤ ያቺ ቅለት ናት።

እስከ አዳራሹ ድረስ ዝምታውን ካባ ሲያለብሰው ሄደ። የሕዝብ ጤና። የተቋሙ አመኔታ። ጠቅላላው ጥቅም ከግለሰብ ጉዳት ጋር ሲመዘን። ቃላቱ እንደ ሠለጠነ ፈረስ ሲጠራቸው ይመጡለታል። ሌላ ሰው እነዚህን ቃላት ቢናገር ኖሮ አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት ቆራርጦ ይጥለው ነበር፤ ይህንንም ያውቃል፤ እያወቀ ሄደ።

አዳራሹ ዛጎል የሚለይበት ቤት ነው። ጠረጴዛዎቹን ገፍተው የፕላስቲክ ወንበር ደርድረዋል፤ ወለሉ እርጥብ ነው። የመለያ ቤቱ ባለቤት የሆነችው ሰብሳቢ መነጽሯን አድርጋ ሪፖርቱን ታነባለች። አባ ገመድ ፊት ለፊት ለብቻው ተቀምጧል፤ ሸሚዙን ቀይሯል። ብልቃጥ ከኋላ በሩ አጠገብ ቆማለች።

ዶክተሩ የገዛ ዓረፍተ ነገሮቹን በሰው ድምፅ ሰማ። «ከቸልተኝነት ባልተናነሰ ግትርነት…» ይህን ሲጽፍ «ባልተናነሰ» የምትለዋን ቃል ለማግኘት ሩብ ሰዓት ፈጅቶበታል። «…ልምድን በዕውቀት ቦታ የመተካት አሳዛኝ ዝንባሌ…» እዚህ ጋ ሲደርስ ለሚስቱ ጮክ ብሎ አንብቦላት ነበር። እሷ አንገቷን ደፍታ ሽንኩርት መላጧን ቀጥላ፣ «ወንድሜ ነው እኮ» ብላዋለች። «ሳይንስ ወንድም የለውም» ብሏታል።

«አባ ገመድ፣ የሚሉት አለ?» አለች ሰብሳቢዋ።

«የለኝም። ዶክተሩ ቆጥሯል።»

«ምንም?»

«ቆጥሯል እኮ። ምን ልጨምር?»

«እንግዲያው ድምፅ እንስጥ። መድረኮቹ ይነሱ የምትሉ።»

እጆች ወጡ። መጀመሪያ ሦስት፣ ከዚያ እርስ በርስ ተያይተው ሌሎቹ። ዶክተሩ ሳይፈልግ ቆጠራቸው፤ ልማድ ነው። ከአሥራ አራት አሥራ አንድ። ሲቆጥር ዓይኑ ወደ በሩ ሄደና ከብልቃጥ ዓይን ጋር ተገናኘ። አልወቀሰችውም። ዓይኗን ሰብራ ወለሉን አየች፤ ጆሮዋ ቀልቶ፣ በእርጥብ እጇ ቀሚሷን ጨምድዳ። በእሱ ፋንታ እያፈረችለት ነበር። የእሱ ሥራ የነበረውን እሷ እየሠራችለት ነበር።

ወንበሩ ወደ ኋላ ተገለበጠ። መቆሙን ያወቀው ያኔ ነው።

«ይህን ሪፖርት የጻፈው ሰው ደንቆሮ ነው!» ብሎ ጮኸ። «እንኳን ሕዋስ፣ የገዛ ጣቶቹን ቆጥሮ አሥር የማያደርስ!»

የተዘረጉት እጆች በአየር ላይ ቀሩ። ሰብሳቢዋ መጨረሻውን ገጽ ገልብጣ አየች።

«ዶክተር፣ እዚህ ላይ ያለው ፊርማ የእርስዎ ነው።»

«የማን እንደሆነ አውቃለሁ!»

«እ…?»

«እጣቢውን አልቆጠርኩም! ገባችሁ? ሦስት ጊዜ አጥቤ እጣቢውን ደፋሁት፤ የታመሙት ሁሉ እዚያ ውስጥ ነበሩ! መንደሩን ጎርፍ ወሰደው እንበል፤ እኔ በነጋታው ሄጄ በቆሙት ቤቶች በር እያንኳኳሁ ‹ጎርፍ ወስዷችኋል?› አልኩ። ‹ኧረ አልወሰደንም› አሉኝ። መጥቼ ጎርፉ ማንንም አልወሰደም አልኳችሁ። ዘጠና አራት ከመቶ! እናንተ ደግሞ አጨበጨባችሁ! ሰው ደረቱን ነፍቶ ቁጥር ስለጠራ ብቻ! ከመካከላችሁ አንድ፣ አንድ ሰው እንኳ ‹ያጠብከው የት ገባ?› ብሎ ጠየቀኝ? ይሄ ሁሉ ጢም ይዛችሁ…»

«ዶክተር፣ ላቋርጥዎት» አለ ሪዛሙ። ሪዛሙ ከአርቢዎቹ ሁሉ ቀልደኛው ነው፤ ፂሙ ደረቱ ላይ ይደርሳል። «አሁን ይቅርታ እየጠየቁን ነው ወይስ እየሰደቡን? ቃለ ጉባኤ ስለምይዝ ነው፤ እንዴት ልጻፈው?»

አንዱ ሳቀ። ከዚያ ሁሉም ሳቁ። ዶክተሩ ቆሞ ሳቁን ሰማው፤ ከፊት ወንበር ተነስቶ እስከ በሩ እንደሚደርስ፣ ጣሪያው እንደሚያስተጋባው፣ የተሳቀበት ሰው እጁን የሚያደርግበት እንደሚያጣ።

«ጠይቃኛለች» አለ፣ ድምፁ ወርዶ። «አንድ ሰው ጠይቃኛለች። ያቺ እዚያ የቆመችው። ብርጭቆሽን እጠቢ አልኳት።» ወደ አርቢዎቹ ዞረ። «ውሃው ሕዋሳቱን ጎድቷቸው ነበር። ጋሼ ልክ ነበር። ያን ቀን ተነቅለው ቢሆን ኖሮ አብዛኞቹ ይተርፉ ነበር። የገመዱ መጠጋጋት ምክንያት አይደለም፤ ምክንያት ስላጣሁ የፈጠርኩት ነው። ይቅርታ ብለህ ጻፍ።»

ሪዛሙ ቀና ሳይል ጻፈ። ማንም አልሳቀም። እያንዳንዱ ሰው በገዛ ገመዱ ላይ ስንት እንደሞተበት እያሰበ ነበር። ሰብሳቢዋ መነጽሯን አወለቀች። እጃቸውን አውጥተው የነበሩት አሥራ አንዱ እጃቸውን የት እንዳስገቡት አይታይም።

አባ ገመድ ተነስቶ ዞረ። ተቆጥቷል፤ ጠዋት ያልታየበት ቁጣ አሁን ታየበት።

«ተው ብዬህ ነበር።»

«አዎ ጋሼ።»

«ያን ያህል ስነግርህ እሺ አላልክም?»

«ብያለሁ።»

«ሠላሳ ዓመት ምክሬን የሰማ ሰው የለም፤ አንተ ትሰማለህ ማለቴ ነው ጥፋቱ።» ትንፋሹን ሰበሰበ። «ቁጭ በል። ቁጭ በል ብዬሃለሁ! ቆመህ ስትናገር አየንህ፤ ሁለት ጊዜ አየንህ፤ ይበቃናል።»

ዶክተሩ የተገለበጠውን ወንበር አንስቶ ተቀመጠ።

አባ ገመድ ፊቱን ወደ አርቢዎቹ መልሶ ነገሩን ዘረዘረላቸው። ሠላሳ አንድ መድረክ ገና ሕይወት አለበት፤ ጀርሙ ሥራውን አልጨረሰም፤ የባሕሩ ሙላት እኩለ ቀን ላይ ይመቻል። የሚተርፈው ከዛሬ ጀምሮ ይነቀል። ግን ደካማውን ዛጎል ጎትቶ ማዶ ማድረስ መንገድ ላይ መግደል ነው፤ የቱ እንደሚጓዝና የቱ እንደማይጓዝ ማወቅ ያስፈልጋል።

«ማን ይቆጥራል?» አለ ሪዛሙ።

ሁሉም ዶክተሩን አዩት፤ ቀጥለው ሌላ ቦታ አዩ።

«እሱ ነዋ» አለ አባ ገመድ። «ሌላ ማን አለን? እሷ ደግሞ አጠገቡ ትቀመጥ።»

ከሰዓት በኋላውን ሁሉ ቆጠረ። ከየመድረኩ አምስት አምስት ዛጎል በከረጢት ይመጣል። ብልቃጥ ታጥባለች፤ እጣቢውን አትደፋም፤ ከመስታወቱ ጎን ታኖርለታለች። እሱ መስታወቱን ይቆጥራል፣ እጣቢውን ይቆጥራል፣ ከዚያ እሷ ወንበሩን ገፍታ ራሷ ትቆጥራለች። ሁለቱ ቁጥር ካልገጠመ እንደገና። ሦስተኛው ላይ አልገጠመም፤ አልተከራከረም፤ እንደገና ቆጠረ፤ እሷ ልክ ነበረች። ከመታጠቢያው በላይ የለጠፈውን ወረቀት መላጥ ፈልጎ ነበር፤ እሷ ባለችበት መላጡ ራሱ ሌላ ትርኢት መሰለውና ተወው።

ውጤቱን የሚናገረው በጀልባዎቹ መገናኛ ሬዲዮ ነው። አንድ መስመር ስለሆነ ሁሉም ሰው ይሰማዋል፤ የሚጎትተውም፣ የሚያስረውም፣ ወደቡ ላይ የቆመውም።

«መድረክ ሁለት፣ ከመቶ ሰባ የያዙ» አለ።

ከዚያ የሪዛሙ ድምፅ መጣ።

«ዶክተር፣ እጣቢው ተቆጥሯል?»

ከየጀልባው ሳቅ ተሰማ፤ የሞተር ድምፅ የተቀላቀለበት።

«ተቆጥሯል» አለ ዶክተሩ።

«መድረክ አምስት፣ ከመቶ ስድሳ አራት።»

«እጣቢው ተቆጥሯል?»

«ተቆጥሯል።»

በየቁጥሩ ጠየቁት። አንዳንዴ ሪዛሙ፣ አንዳንዴ ሌላ፣ አንዴም ሰብሳቢዋ ራሷ። ብልቃጥ መጀመሪያ ላይ ከንፈሯን ነክሳ ዞር ትል ነበር፤ በኋላ ሳቋ አመለጣት፤ ደንግጣ አየችው። «ሳቂ፣ ሳቂ» አላት።

ስድስተኛው ከረጢት የአባ ገመድ ነበር፤ ሕይወት የቀረበት መድረኩ እሱ ብቻ ነው። ቆጠረ። ብልቃጥ ቆጠረች። ቁጥሩ ገጠመ። ሁለቱም ከሌላ ዛጎል እንደገና ሠሩት፤ ማንም እንደገና እንሥራ ሳይል። ሬዲዮውን አነሳ።

«መድረክ አሥራ ሰባት» አለ። «ከመቶ ሃያ ስምንት።»

ማንም አልጠየቀም። ሃያ ስምንት ማለት የማይጓዝ ማለት እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፤ ስሙ ነጽቶለት ዛጎሉ አልተረፈለትም ማለት ነው። በሬዲዮው ውስጥ አንድ ሰው ሊናገር ቁልፍ ተጭኖ መልሶ ለቀቀ።

«እጣቢውንም ቆጥሬያለሁ» አለ ዶክተሩ ራሱ። «ሁለት ጊዜ።»

ከዚያ አባ ገመድ፣ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ እያለ፣ የሌላ ሰው ገመድ እየጎተተ እንደሆነ በሚያስታውቅ ድምፅ መለሰ።

«ቀጥል» አለ።

ብልቃጥ ሰባተኛውን ከረጢት ፈታችው።